ሦስቱ የቡሽራ ማኅተሞች

እኔ ነኝ የጻፍሁት፣ ጥቀርሻ የፈጨሁት፣
የአባጋዝ ቡሽራን ቃል በቀለም ያሰርሁት።
አሁን ሐይቅ ዳር ላይ ዓይኔ ደክሞ ሳለ፣
ከከረጢቴ ውስጥ ሁለት ማኅተም አለ፤
ሦስተኛውን አፈር ከጣቱ ጋር በላው፣
እሱን የምነግረው ከሁሉ ኋላ ነው።

የመጀመሪያው ብር ነው፤ ባቲ የተሠራ፣
ዙሪያው የዐረብ ፊደል፣ መካከሉ «ቡሽራ»።
ትርጓሜው የምሥራች፤ አባቱ ያወጣው፣
ሰባት ሴቶች ወልዶ በስምንት ሲመጣው።
እኩዮቹ ፈረስ «ደምስስ»፣ «ፍጀው» ሲሉ፣
እሱ «ጠይቅ» አለው፤ ሳቁበት በሙሉ።

ገራዶ ሜዳ ላይ፣ ከዋንዛው ጥላ ሥር፣
የግጦሽ ሙግት ነበር፤ የቦርከና ድንበር።
ምስክር ተጠራ፤ ጉዮ፣ የደዌው ሰው፤
ኦሮምኛው ወንዝ ነው፣ አማርኛው እፍኝ ነው።
ዳኛው በጭራው ጠቁሞ «በችሎቱ ቋንቋ!» አለ፣
ሽማግሌው አፍ ከፍቶ ቃል እንዳጣ ዋለ።

ያን ጊዜ ቡሽራ ተነሣ፣ ኩታውን አደግድጎ፤
(ልብ በሉ፣ ምስክሩ የመጣው በእሱ ላይ ነው፣ መሬቱን ፈልጎ።)
«ጌቶቼ፣ ላም በጋጠችው ሣር ነው የምትታለበው፤
ሰውም ይመስክር እንጂ እናቱ ባጠባችው።»
ጉዮም አፉን ፈታ፤ መነሻው ቃል «ዱጋ»፣
«እውነት» ማለቱ ነው፤ ከዚያ ቆጠረ በጋ በበጋ፣
ማን የት እንዳሰማራ፣ የማን በሬ የት እንደ ጠጣ።
ቡሽራ መሬቱን ተረታ።
ስም ግን በዚያ ቀን አወጣ።

ሁለተኛው ነሐስ ነው፤ መስቀል ያለበት።
የቦሩ ሜዳ ዐዋጅ ሲዞር በየቤት፣
«ማተብ የሌለው ሰው ሹመት የለው» ሲባል፣
ቡሽራ አባጋዝ ነው፤ አገር በእጁ ይዟል።
ወረደ ከጸበሉ፤ ክርስትና ስሙ
ወልደ ብሥራት ሆነ። አሳቀኝ ትርጉሙ፤
ያው የምሥራች ነው፣ ያው የአባቱ ቃል፣
ዐዋጅ የነጠቀውን ግእዝ መልሶታል።
(ስሙን ለቄሱ በጆሮው የነገርሁት እኔ ነኝ፤
በዚህች አንዲት ነገር እግዜር ይቅር ይበለኝ።)

ቀን ከመኳንንት ጋር ጠጅ ያስቀዳል፣
ሌሊት ወደ ሰሜን በር ፊቱን ያዞራል።
ሼሆቹ «ከዳን» አሉ፤ ካህናት «አልነጻም»፤
እሱ ግብር ቆጠረ፣ ለሁለቱም አልቆመም።
ጭሰኛው በየዓመቱ የሚያገባውን ማር
ከአምስት ጉንዶ ወደ ሁለት ለማውረድ ነበር
አሥራ አንድ ደብዳቤ የጻፍነው፣ ከነማኅተሙ።
መልስ የመጣው ለአንዱ ነው፦
«ደብዳቤ አታብዛ፤ ማር አብዛ።»

ክፉ ቀን መጣና ከብቱ ሁሉ አለፈ፣
የሠራዊት ስንቁን ለቆላ አሳለፈ፤
ጎተራው በር ላይ ቆሞ፣ ሃይማኖት ሳይጠይቅ፣
በራሱ ባርኔጣ ሰፈረ፣ ገብሱ እስኪያልቅ።
ከዚያ ሹም ሽር። ከዚያ ክስ። «የንጉሥ ስንቅ በላ»።
ችሎቱ ያው ገራዶ፤ ዋንዛው ግን ተቆርጧል፤
«ምስክር አለህ?» ቢሉት፣ «ነበረኝ፤ ሞቷል።»
ጉዮን ማለቱ ነው፤ ረኃብ ወንዝ ዳር ያስቀረው።
ያን ያህል አንደበት የነበረው ሰው
ሌላ ቃል አልጨመረው።

መጨረሻውን ከሐይቅ፣ ከእኔ ጎጆ አደረ፤
በቅሎ የለ፣ አሽከር የለ። ለኑዛዜ ተናገረ፦
«ጻፍ። ያ የተረታሁት መሬት የጉዮ ልጆች ነው፤
ልጄም ቢሆን በስሜ ቢያነሣ፣ ሐሰት ነው በለው።»
«በየትኛው ላትም?» አልሁት፣ «በቡሽራ ወይስ በብሥራት?»
አውራ ጣቱን ከቀለሜ ነክሮ ብራናው ላይ ጫነበት።

ያ ነው ሦስተኛው። መስቀል የለው፣ ጨረቃ የለው፤
እንደዚያ እንደ ተቆረጠው ዋንዛ ግንድ
ቀለበት በቀለበት ነው።

ሰኞ ወደ ባቲ የሚወርድ አሞሌ ጫኝ አለ፤ እሰጠዋለሁ።
እስከዚያው የሐይቁ ጤዛ እንዳያገኘው
በደረቴ ይዤዋለሁ።